ጨዋታው እንዳያልቅ

ቤንዚን ሲሸተኝ ትከሻዬን ያመኛል። ሰው ቤንዚን ሲሸተው ራሱን ያመዋል እንጂ ትከሻውን ያመዋል እንዴ? እኔን ግን ያመኛል። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ከታች ያለው ፀጉር ቤት ጄኔሬተሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲያስነሳ፣ ሽታው በመስኮት ገባና እጄ ሳላዘው ሄዶ የግራ ትከሻዬን ማሸት ጀመረ። የጀሪካን ገመድ ያርፍበት የነበረ ቦታ ነው። ገመዱን ካወረድኩት ስንት ዘመኔ! ትከሻ ግን ቂመኛ ነው፤ አይረሳም።

ነገሩ የአንድ ክረምት ነገር ነው። ጋምቤላ ከተማ፣ ክልል በሆንን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ። ክልል ሆንን ሲባል ዙሪያችንን አጥር የሚታጠር መስሎኝ እንጨቱ መቼ እንደሚመጣ አባቴን ጠይቄው ነበር። እንጨት አልመጣም፤ የመጣው ቀለም ነው። አሮጌው ቤት ሁሉ ቀለም እየተቀባ ቢሮ ሆነ፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ፊቱ ባንዲራ ቆመ። ከየወረዳው ሰው ይመጣል፣ ስብሰባ አለ፣ ድምፅ ማጉያ ሲጮኽ ይውላል። ለእኛ ለልጆቹ ግን ከዚያ ሁሉ ሹም የሚበልጥብን ጋሽ ደምሴ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበር። ጦሩ ሲበተን አገሩ ሳይገባ እዚሁ ቀረና ገበያው ጀርባ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ሻይ ቤት ከፈተ። ከዚያ አንድ ቀን ቴሌቪዥን ከአንድ የፑኝዶ ነጋዴ ገዛ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠመውን ጌም ደግሞ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር አመጣለት። ሁለቱን ከሻይ ቤቱ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ገጠማቸው። የከተማው መብራት ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለነበር ቀን የሚሠራው በጄኔሬተር ነው። ክፍሏ መስኮት የላትም። የቆርቆሮው ግለት፣ የቤንዚኑ ጭስ፣ የሃያ ልጅ ላብ! አሁን ሳስበው እንዴት ሳንሞት እንደቀረን ይገርመኛል። ያኔ ግን ደጃፉ ላይ ተጋፍተን ነበር የምንገባው።

ጋሽ ደምሴ ከእኛ ገንዘብ አይጠብቅም፤ ከየት እናመጣለን? የሚያስከፍለን ውሃ ነው። አንድ ጀሪካን ከባሮ ቀድቶ ሻይ ቤቱ በርሜል ውስጥ የገለበጠ አንድ ጊዜ ይጫወታል። በክረምት ባሮ ይሞላል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ የወንዙ ዳር አፈር ተንሸራታች ይሆናል። ሁለት እርምጃ ወጥተሽ አንድ እርምጃ ትመለሻለሽ። ፀሐዩ ደግሞ ዝናቡ እንዳባራ እልኸኛ ሆኖ ነው የሚመጣው። ጋሽ ደምሴ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ጀሪካኑ ሙሉ መሆኑን ያያል። «ጎዶሎ ነው» ካለ ጎዶሎ ነው፤ ክርክር የለም።

ጨዋታው የአውሮፕላን ተኩስ ነው። ጽሑፉ ማናችንም የማናውቀው ፊደል ስለነበር ሁሉን ነገር በሥዕል ነበር የምንለየው። መጀመሪያ ሦስት ፊት ይመጣል፤ የሚስቅ ፊት፣ የተኮሳተረ ፊት፣ የራስ ቅል። የሚስቀው ለሕፃናት ነው። የተኮሳተረውን ትልልቆቹ ልጆች ጨርሰውታል። የራስ ቅሉን የጨረሰ ግን አልነበረም። እዚያ ጠላት እጥፍ ነው፣ ጥይቱ ፈጣን ነው፣ ያለሽ ነፍስ ሁለት ብቻ ነው። ጋሽ ደምሴም ለራስ ቅሉ ሁለት ጀሪካን ነበር የሚያስከፍለው። «ክብር ያለው ሞት ውድ ነው» ይለን ነበር፣ ሳይስቅ።

ሰባት ደረጃ አለው። አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ማያው ይጠቁርና አራት ሥዕል ይመጣል፤ ክንፍ፣ እሳት፣ ክብ፣ ልብ። ክንፍ አውሮፕላኗን ያፈጥናታል። እሳት ጥይቷን ያበዛዋል። ክብ ዙሪያዋን ከልሎ ሁለት ጥይት ይመክትላታል። ልብ አንዲት ነፍስ ይጨምራል። ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው የሚወሰደው፤ የተውሽውን ተውሽ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ጆይስቲክ ላይ ምርጫ የሚደረግባት ትንሿ ቁልፍ ሞታ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሁለቴ ፈቶ ሁለቴ ገጠማት፣ አልዳነችም። ስለዚህ የሚተኩሰው ልጅ አንደኛውን ይይዛል፤ ሌላ ልጅ ደግሞ ሁለተኛውን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሥዕሎቹ ሲመጡ የሚመርጠው እሱ ነው። መራጭ እንለው ነበር። ተኳሹ ቢጮህ ቢያብድ ጣቱ ያለው መራጩ ዘንድ ነው። ሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ሹመት ይኑር አይኑር እንጃ።

የእኔ ተኳሽ አርየት ነበረች። አኙዋ ናት፣ ቤታቸው ከእኛ ሦስተኛ ነው፣ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። አባቷ ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ሾፌር ሆኖ ተቀጥሯል፤ እሷ እሑድ እሑድ ቸርች ትዘምራለች። አማርኛን የተማረችው ከትምህርት ቤትና ከእኛ ስለሆነ ወንድ ሴት ሳትለይ ሁሉን ሰው «አንተ» ነበር የምትለው፣ እናቴን ጭምር። እናቴ ትስቅ ነበር። ውሃ ስንሸከም እኔ እንደ ደገኛ ልጅ በጀርባዬ፣ በገመድ፤ እሷ በራሷ፣ እጇን ሳታስነካ። አንዲት ጠብታ አትፈስም። ስትጫወትም እንደዚያው ናት፤ አንገቷ አይነቃነቅም፣ ከአውራ ጣቶቿ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም። ከተማው ውስጥ እንደሷ ያለ ተኳሽ አልነበረም። ይህን የምለው ጓደኛዬ ስለሆነች አይደለም።

እኔ መተኮስ አልችልም፤ እጄ ይደናበራል። ግን አያለሁ። መምረጥን የተማርኩት በሌሎች ልጆች ሞት ነው። ወንዶቹ ሁልጊዜ መጀመሪያ እሳት ይወስዳሉ፣ ማያው ቦግ ስለሚል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ግን በገደልና በገደል መሀል የሚኬድበት ጠባብ መንገድ አለ። እዚያ እሳት ምን ይሠራል? ገደል በጥይት አይሞትም። የፈሩት ደግሞ ክብ ይወስዳሉ። ክቡ አውሮፕላኗን ያሰፋታል፤ ሰፍታ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ስትገባ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ትነካና አለቀላት። ስለዚህ መጀመሪያ ክንፍ። ሁለተኛም ክንፍ። ገደሉን ካለፉ በኋላ እሳት፣ ታንኮቹ ስለሚመጡ እንደገና እሳት። ጥይት ከአራቱም ማዕዘን የሚዘንበው ስድስተኛው ላይ ነውና ክብ የሚወሰደው ከዚያ በፊት። ልብ መጨረሻ። ይህን ለማወቅ አንድ ሰኔ ሙሉ ፈጀብኝ። ወንዶቹ «ይቺ ፈሪ፣ ሁለቴ ክንፍ!» እያሉ ሲስቁብኝ ጋሽ ደምሴ የሻይ ብርጭቆ እያጠበ ሰማቸው። «ተዉአት» አለ። «እኛን ያዘዙን እንደሷ ቢመርጡ ኖሮ ዛሬ ብርጭቆ አላጥብም ነበር።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሐምሌ ሲገባ ስድስተኛው ደረጃ ደርሰን ነበር። ከተማው ውስጥ ከእኛ በፊት እዚያ የደረሰ የለም።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ ሑሴን ይባላል፣ ልብስ ሰፊ ነው። ከወሎ በሰፈራ መጥተው አቦቦ አካባቢ ሲያርሱ ነው እኔ የተወለድኩት። በኋላ እርሻው አላዋጣ ሲል ከተማ ገብቶ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ተከለ። ታናሽ ወንድሜ ኑሩ የሞተው ከተማ ከገባን በኋላ ነው፣ በወባ፣ በሦስት ዓመቱ። አባቴንም ወባ አልለቀቀችውም። ወባው ሲነሳበት አገሩን ያነሳል። «ዘንድሮስ አገሬ ገብቼ ነው» ይላል። በየዓመቱ «ዘንድሮስ» ነው። እኔ ያን አገር አላውቀውም። ብርድ እንዳለ፣ ሌሊት ውሃው እንደሚጠጥር ሰምቼ፣ ታዲያ ጀሪካን እንዴት ይሞላል ብዬ ተጨንቄያለሁ። እማዬ አገር ሲነሳ ሥራ ትፈልጋለች፤ ትነሳና ያጠበችውን ሳህን እንደገና ታጥባለች። እኔ ሳህን የምትወድ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ጎረቤታችን እንድሪስ ቤተሰቡን ይዞ ሊመለስ ቆረጠ። ጳጉሜን ላይ የጭነት መኪና ይመጣለታል ተባለ። መኪናው ላይ ለእኛም ቦታ አለ ተባለ። ከዚያ ወዲያ አባቴን በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፤ ምሳ ይዤለት በሄድኩ ቁጥር።

«አባዬ፣ እንሄዳለን እንዴ?»

«አላህ ያውቃል።»

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«ምሳውን አስቀምጪና ሂጂ።»

አንድ ቀን ግን ትኩሳት ይዞት ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ አፉ ውስጥ መርፌ ነክሷል፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። እኔ ደግሞ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ስለመድረሳችን ስለፈልፍ ቆይቼ፣ አሁንም «መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት። መርፌውን ከአፉ አወጣ።

«ያ ጨዋታችሁ ያለቀ ዕለት!» አለኝ። «ወላሂ፣ ያ የተረገመ ጨዋታ ያለቀ ዕለት ጓዜን ጭኜ እሄዳለሁ። አሁን ተዪኝ፣ ልጄ። ደክሞኛል።»

ደንበኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ወላሂ የሚል ሰው አይደለም። ሌላው ልብስ ሰፊ ለአንድ ኪስ አሥር ጊዜ ይምላል፤ አባቴ «ሐሙስ ይደርሳል» ካለ ሐሙስ ይደርሳል፣ አላህን በማይረባ ነገር አልጠራም ይላል። ስለዚህ ወላሂ ካለ አለቀ። በረንዳው ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። የቀረን የስድስተኛው ግማሽና ሰባተኛው ነበር። አርየት ያን ሰሞን በነበራት እጅ በሳምንት ትጨርሰዋለች። በሳምንት!

ታዲያ ምን ላድርግ? በማግስቱ የመጀመሪያው ደረጃ አልቆ አራቱ ሥዕሎች ሲመጡ ጣቴ ክንፉን አልፎ ሄደ። ልብ መረጥኩ።

«ለምንድን ነው ልብ?» አለች አርየት። «ክንፍ ስጠኝ እንጂ።»

«ነፍስሽ ይብዛ ብዬ ነው። ዛሬ አዲስ ነገር እንሞክር።»

«እሺ» አለች። ይኸው ነው። ታምነኝ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ክብ ሰጠኋት፤ ገደሉ ውስጥ ሰፍታ ገባች፣ ግድግዳ ነካች፣ ሞተች። የተጨመረችዋንም ነፍስ እዚያው ጨረሰቻት። ወንዶቹ አጨበጨቡ። አርየት ጆይስቲኩን ቀስ ብላ አስቀምጣ ባዶ ጀሪካኗን አነሳች። «ነገ» አለች።

ሐምሌ እንዲህ አለቀ። በቀን ሁለት ሁለት ጀሪካን፣ እሷም እኔም። ሽንፈትን እኮ በጀርባዬ ነበር የምሸከመው! የዳገቱን ጭቃ እየረገጥኩ ስወጣ፣ ይህ ውሃ የሚሄደው ለመሸነፍ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሷ ከፊቴ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ዞራ «ደከመህ?» ትለኛለች። አዎ ደክሞኛል። አንዳንድ ቀን እንዳይነቃብኝ ክንፍ እሰጣትና ከገደሉ አሳልፋታለሁ፤ ከዚያ እሳት የሚያስፈልግበት ቦታ ልብ ላይ ልብ እደረድራለሁ። በአንዲት ቀጭን ጥይት ከታንክ ጋር ስትተናነቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በጣም አፍር ነበር። ግን ደግሞ ማታ ቤት ገብቼ ጓዛችን በየቦታው መሆኑን ሳይ ደስ ይለኛል። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ነበሩ።

የነቃብኝ ጋሽ ደምሴ ነው። አንድ ቀን ውሃ ስገለብጥ በርሜሉ አጠገብ ያዘኝ።

«አንቺ ልጅ» አለኝ። «ሰኔ ላይ ታውቂው የነበረውን በሐምሌ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም፣ ጋሼ። አዲስ ነገር እየሞከርን ነው።»

«ገደል ፊት ክብ? ይሄ አዲስ ነገር ነው? አውቀሽ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ወላሂ በይ እስቲ።»

እሱ ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን አባቴን አስታወስኩና አፌ እንቢ አለ። ጋሽ ደምሴ ትንሽ አየኝ። «ሆድ ይፍጀው ካልሽ ይፍጀው» አለና ጀሪካኑን ተቀብሎ ራሱ ገለበጠልኝ። «ብቻ ልጅቷ እያመነችሽ ነው። እኔ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ደስ አይልም።»

ነሐሴ ላይ አርየት ታመመች። ወባ ነው፤ ክረምት ላይ ማን ያልታመመ አለ? መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እሷ ካልተጫወተች ጨዋታው አያልቅም። ከዚያ ቤታቸው ሄጄ አየኋት። ብርድ ልብስ ተከምሮባት፣ በዚያ ሙቀት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። የኑሩ ጥርስ እንደዚያ ነበር። ሮጬ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ደጃፋቸው ድረስ እየሄድኩ ሳልገባ ተመለስኩ። በእኔ ምክንያት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያን ሁሉ ውሃ ያሸከምኳት እኔ ነኝ። ወባ ከትንኝ እንደሚመጣ በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ቢሆንም።

የተነሳች ዕለት ጀሪካኗን ይዛ መጣች። ፊቷ ከስቷል፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል።

«አንቺ፣ ገና ነሽ እኮ!» አልኳት።

«ና እንሂድ።»

ወንዙ ዳር ቀድታ ራሷ ላይ አወጣች። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመች። አንገቷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ውሃው በፊቷ፣ በአንገቷ እየወረደ ቀሚሷን አራሰው። አርየት ውሃ ስታፈስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የእኔን ጀሪካን ወርውሬ ልቀበላት ስል ገፋችኝ። በርሜሉ ጋ ስንደርስ ጀሪካኗ ጎዶሎ ነበር። ጋሽ ደምሴ አየው። «ሙሉ ነው» አለ። ሁለተኛውንም ጀሪካን እንድናመጣ አላለንም።

ጠባቧ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። አርየት የራስ ቅሉን አስመረጠችኝና ከመጀመሯ በፊት እጇን ጭኗ ላይ ጠረገች።

«ዛሬ ደክሞኛል» አለችኝ። «ግን ዛሬ ካላለቀ ነገ እመጣለሁ። ነገ ካላለቀ ከነገ ወዲያ።»

ትመጣለች። አውቃታለሁ። እስክትወድቅ ድረስ ትመላለሳለች፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልብ እሰጣታለሁ።

የመጀመሪያው ደረጃ አለቀ። ሥዕሎቹ መጡ። ጣቴ ክንፍ ላይ ቆመ። እዚያው ተጫንኩት። አርየት በዓይኗ ጫፍ አየችኝ። ሁለተኛው አለቀ፤ ክንፍ። ገደሉ ውስጥ አውሮፕላኗ ቀጭን ሆና ሾልካ ወጣች። እሳት። ታንኮቹ ገና ብቅ ሲሉ ነደዱ። እሳት። ሁልጊዜ የሚጮኹት ወንዶች ወደ ማያው ተጠጉ፤ ጄኔሬተሩ ብቻ ነበር የሚሰማው። ክብ። ስድስተኛው ላይ ጥይቱ ከአራቱም ማዕዘን ዘነበ፣ ክቡ አንዱን መለሰ፣ ሌላውን መለሰ፣ ተሰበረ፣ አለፍን። ጋሽ ደምሴ የሚያጥበውን ብርጭቆ እንደያዘ በር ላይ ቆሟል። የመጨረሻው ምርጫ መጣ። ይህን ከተጫንኩ ባሮ የለም፣ አርየት የለችም፣ ያ ውሃው የሚጠጥርበት አገር ነው። ልብ። ተጫንኩት። ሰባተኛው ላይ ማያውን የሞላ መርከብ ነው ያለው። አንዷ ነፍሷ ሄደች፣ ሁለተኛዋ ሄደች፣ በዚያች በሰጠኋት በሦስተኛዋ መርከቡ ሰጠመ።

አውሮፕላኗ አረፈች። በሯ ተከፍቶ ሚጢጢ ሰው ወጣና እጁን አወዛወዘ። ያ የማናውቀው ጽሑፍ ትንሽ ጊዜ ወደ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ሦስቱ ፊቶች ተመልሰው መጡ።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለች አርየት።

ክፍሉ ግን በጩኸት ተናጋ። ወንዶቹ ተሸክመው አወጧት። ጋሽ ደምሴ ለሁላችን በነፃ ሻይ ቀዳ፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። እኔ ሻዩን ይዤ ስቆም አርየት ከልጆቹ መሀል ወጥታ መጣች።

«ክንፉ ሁልጊዜ ነበር» አለችኝ። «አንተ ታውቅ ነበር። ለምን አልሰጠኸኝም?»

ነገርኳት። አባቴ ያለውን፣ ወላሂ ማለቱን፣ ሁሉንም። ቆማ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ቀድሞ ብትነግረኝ አልጨርስም ነበር» አለች። «ለምን እጨርሳለሁ? ሁለታችንም ዝም ብለን ቁጭ እንል ነበር። ውሃም አንሸከምም።» ከዚያ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ይህን ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ። ወይ ልጅነት!

ቤት ገባሁና ጓዜን መሸከፍ ጀመርኩ። ደብተሬን፣ ቀሚሴን፣ ነጠላ ጫማዬን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ የእማዬን ድስት ከተትኩ። እማዬ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ክዳኑንም ከተትኩ። አባቴ ለዐሱር ሰላት ሲመጣ ቤቱ መሀል ከረጢት አቅፌ እያለቀስኩ አገኘኝ።

«ምን ሆንሽ፣ ዘሃራ? ማን ነካሽ?»

«አልቋል» አልኩት።

«ምኑ?»

«ጨዋታው። አርየት ጨረሰችው። ጓዛችንን እንጫን።»

አልገባውም። ረስቶታል! እኔ ሁለት ወር የተሸከምኩትን እሱ መርፌውን መልሶ ሲነክስ ረስቶታል። ቃል በቃል ነገርኩት፤ በረንዳውን፣ ደንበኛውን፣ ወላሂውን። ከዚያ ጨዋታው እንዳያልቅ ብዬ አርየት እንድትሸነፍ አውቄ ሳደርግ እንደከረምኩ ነገርኩት። ስናገር ፊቱ ተለዋወጠ። ቀስ ብሎ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«መሄድ ይህን ያህል አትፈልጊም?»

«ደግ አገር ከሆነ እሄዳለሁ» አልኩት፤ እንዳይከፋው። «ግን አላውቀውም።»

«ልጅ ናት እንግዲህ» አለ ወደ እማዬ ዞሮ። «ትለምደዋለች። ልጅ የማይለምደው ነገር የለም። አይደለም፣ ፋጡማ?»

እማዬ ሳህን ይዛ ነበር። አስቀመጠችው።

«እኔ ልጄን እዚህ አፈር ውስጥ ጥዬ አልሄድም» አለች። ድምጿ አልጨመረም። «እሷ ትለምድ ይሆናል። እኔ ግን አልሄድም። እስካሁን ያልነገርኩህ ስላልጠየቅከኝ ነው።»

አባቴ ተነስቶ ውዱእ አድርጎ ሰገደ። ያን ዕለት ሰላቱ ረዘመ።

በማግስቱ ምሳ ይዤለት ስሄድ «መልሺው» አለኝ። ወባው የተነሳበት መሰለኝ። በሁለተኛው ቀንም «መልሺው»። ውሃም አልጠጣም፤ በዚያ ግለት ሲንጀሩን እየረገጠ ከንፈሩ ደርቋል። ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት፣ አባዬ ሊሞት ነው ብዬ።

«አብሽሪ፣ አይሞትም» አለች። «መሐላውን እየከፈለ ነው። ወላሂ ብሎ ያልፈጸመ አሥር ድሃ ያበላል። ያ ካልሆነለት ሦስት ቀን ይጾማል። እኛ ደግሞ ከራሳችን የሚተርፍ የምናበላው ነገር የለንም።»

«እና አንሄድም ማለት ነው?»

«እሱን ጠይቂው» አለችኝ። አልጠየቅሁትም፤ መጠየቅ ምን እንዳመጣ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ቀን የእንድሪስ መኪና መጣ። አባቴ እንደጾመ ሄዶ አልጋ አሸከመ፣ ገመድ ወጠረ፣ ዶሮዎቹን በቅርጫት አሰረላቸው። እንድሪስ ከላይ ሆኖ «ሑሴን፣ ቦታ እኮ አለ! ኧረ ና ውጣ!» ብሎ ጠራው። አባቴ እጁን አነሳና አወረደ። መኪናው እስኪታጠፍ መንገዱ ላይ ቆሞ አየው። ከዚያ ቤት መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የመግሪብ አዛን ጠበቀ። እኔ ውሃ በጣሳ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ።

አዛኑ ሲያልቅ ጣሳውን ተቀበለኝና ጠጣ።

«አባዬ፣ ከፋህ?» አልኩት።

«አዎ» አለ። ጣሳውን ዘረጋልኝ። «ጨምሪልኝ።»

ቀዳሁለት፤ ሁለተኛውንም ጠጣ፣ ሦስተኛውንም።